ምንም አልበቀለም

እናቴ ጀሪካን የምታጥበው በጠጠር ነበር። ሁለት እፍኝ ደቃቅ ጠጠር፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ ከተገኘም ትንሽ ኦሞ ትጨምርና ክዳኑን ጠርቅማ ለኔ ትሰጠኛለች። የኔ ሥራ መነቅነቅ ነው። ጎኑን፣ ታቹን፣ ክፍት የሆነውን የእጀታውን ውስጥ ሁሉ ጠጠሩ እንዲዳስሰው እያገላበጥኩ እጄ እስኪዝል እነቀንቃለሁ። «በቃ?» ስላት ጣቷን በአፉ ሰድዳ ውስጡን ትዳብሳለች። «ገና ነው፤ ያሟልጫል» ትላለች። በቤታችን የንጽሕና ዳኛው ዓይን አልነበረም፤ ጣት ነበር። ውሃው ኩልል ብሎ እየታየ ግድግዳው ግን ያሟልጫል። ለምን በረኪና ብቻ አናደርግበትም ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «በረኪናውም ይደረጋል፤ መጀመሪያ ግን ይላጥ» አለችኝ።

ያ የሚያሟልጭ ነገር የራሱ ስምና የራሱ ሳይንስ እንዳለው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያሳወቀኝም የአጎቴ እግር ነው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በመኪና አደጋ ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ገባለት፤ አጥንቱም ገጠመ፤ ክራንቹን ጥሎ ሄደ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ከጉልበቱ ዝቅ ብላ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ተከፈተች። ትንሽ ትንሽ መግል ታወጣለች። ክኒን ሲሰጠው ትዘጋለች፤ ክኒኑ ባለቀ በወሩ ትከፈታለች። እንዲህ እየሆነ ሦስት ዓመት ሄደ። መግሉ ወደ ላቦራቶሪ በተላከ ቁጥር ያው ወረቀት ይመለሳል፦ ምንም አልበቀለም። አንድ ቀን እኔ አነበብኩለት። «ምንም አልበቀለም ይላል፣ ጋሼ።» ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቀዳዳዋን አሳየኝና «እነሱ ዘንድ ነዋ ያልበቀለው» አለ፤ «እኔ ዘንድ ይኸው፣ አዝመራው ደርሷል።»

ወረቀቱም አልዋሸም፤ ጋሼም አልዋሸም። ሁለቱ እንዴት በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ እንደቻሉ ለማወቅ ወደ አንድ ሰው ጥርስ መመለስ ግድ ነው።

በ1683 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ፣ በደልፍት ከተማ የሚኖር አንቶኒ ቫን ሊውዌንሆክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈ። ከጥርሶቹ መሐል የፋቀውን፣ ሊጥ የመሰለ ነጭ ነገር ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ቢያየው በውስጡ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ሲተራመሱ አገኘ። ሰውየው በየማለዳው ጥርሱን በጨው የሚያሽ፣ ከምግብ በኋላ በስንጥር የሚጎረጉር፣ በጨርቅም የሚወለውል ነበር፤ ቆሻሻ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ሊገድላቸው ሞከረ። ከአፉ አውጥቶ ኮምጣጤ ሲያደርግባቸው ወዲያው ሞቱ። አፉን በኮምጣጤ ሲጉመጠመጥ ግን ብዙዎቹ በሕይወት ተገኙ። ኮምጣጤው የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ብሎ ደመደመ። ዛሬ በሺህ ገጽ የሚጻፈው ነገር ፍሬው እዚያች አስተያየት ውስጥ አለ፦ የተበተነ ይሞታል፣ የተጣበቀ ይተርፋል።

አስተያየቷ ሁለት ምእተ ዓመት ተኛች። የባክቴሪያ ጥናት በጀርመን ሲቀጣጠልም በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ሮበርት ኮኽ የገጠመው ችግር ትርምስ ነበር፤ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ስንት ዓይነት ተሕዋስያን ተደባልቀው ሳለ በሽታውን ያመጣው የትኛው ነው? መልሱ መነጠል ሆነ። በተቀቀለ ድንች ቁራጭ ላይ፣ ከዚያም ጄላቲን በገባበት መረቅ ላይ አራርቆ ሲዘራቸው እያንዳንዱ በቆመበት እየተባዛ ሌላ ያልተቀላቀለበት ዘር ሰጠው። ጄላቲኑ በሙቀት እየቀለጠ ሲያስቸግር፣ ከባሕር አረም የሚወጣውን አጋርን ያመላከተችው ፋኒ ሄሰ ናት፤ ባሏ ከኮኽ ጋር ይሠራ ነበር፤ እሷ አጋርን የምታውቀው ከማድ ቤቷ ነው። (የባክቴሪያ ሳይንስ ከማድ ቤት የተበደረውን ገና ከፍሎ አልጨረሰም።) በ1882 ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን አምጪ ለዓለም አሳየ። ዛሬም በየላቦራቶሪው በሳህን ላይ የሚበቅለውና የማይበቅለው በዚያው ሥርዓት ነው።

በአገራችን ጥፋተኛው ሲሰወር አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያደረገው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሥርዓቱ ጉልበተኛ ነበር፤ ብዙ ንጹሕ ሰው ከእርሻው አስተጓጉሏል። ግን አንድ እምነት ነበረው፤ ወንጀል በመንደር ውስጥ እንደሚኖር፣ ጎረቤትም እንደሚያውቀው። የኮኽ ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነው። ተጠርጣሪውን ከመንደሩ ያወጣዋል፤ ለብቻው ያደርገዋል፤ በልቶ እንዲጠግብ ይፈቅድለትና ማንነቱን ይጠይቀዋል። በዚህ መንገድ ለቁጥር የሚያታክት ሕይወት ድኗል፤ የምነቅፍበት አፍ የለኝም። የምለው፣ ተነጥሎ የተጠየቀ ፍጡር ስለ መንደሩ ሊመሰክር አይችልም ነው።

የሚገርመው መንደሩን በዓይናቸው ካዩት አንዱ ራሱ ኮኽ መሆኑ ነው። በ1892 በጋ በሃምቡርግ ኮሌራ ገባ፤ ከ8,600 በላይ ሰው ገደለ። ኮኽ ከበርሊን ተልኮ ሄደ። ከሃምቡርግ ጎን፣ በአንዳንድ ቦታ በመንገድ ስፋት ብቻ የምትለይ አልቶና የምትባል ከተማ ነበረች። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልበ ወንዝ ነው። እንዲያውም የአልቶና ውሃ የሚቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በኋላ ስለሆነ የባሰው የሷ ነበር። ሆኖም በሽታው ድንበሩ ላይ ቆመ። በሃምቡርግ ክልል ውስጥ ሆኖ ቧንቧው ግን ከአልቶና የሚመጣለት አንድ የመኖሪያ ግቢ እንኳ ተረፈ። ልዩነቱ አሸዋ ነበር። አልቶና ውሃዋን በአሸዋ አልጋ ላይ ቀስ አድርጋ ታሳልፈዋለች፤ ሃምቡርግ ያኔ እንዲሁ ታጠጣለች።

ኮኽ ጉዳዩን ሲመረምር ግን ሥራውን የሚሠራው አሸዋው ብቻ እንዳልሆነ አየ። አዲስ የታጠበ አሸዋ ውሃ አያጠራም። ጥቂት ቀን ሲቆይ ከላዩ ላይ ዝልግልግ ያለ ስስ ሽፋን ይይዛል፤ ማጣራት የሚጀምረው ያኔ ነው። ጀርመኖች የቆሻሻ ልባስ ይሉታል። ባክቴሪያ፣ ዋቅላሚና እነሱን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት ተጋግረው የሠሩት መንደር ነው፤ የሚመጣውን ይይዛል፣ ይበላል። በዚያው ክረምት የአልቶና ማጣሪያ በበረዶ ሲበላሽ ኮሌራው እዚያም ብቅ አለ። ባክቴሪያን በመነጠል ስሙ የገነነው ሰው አንድ ከተማ ባልተነጠሉ ባክቴሪያዎች እንደዳነች ጻፈ ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት የውሃ መሐንዲሶች ወሰዱት፤ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ጋር ቀሩ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ብዙ አስቤያለሁ። የሚመስለኝ፣ መሐንዲስ ውሃውን ማጥራት ነው የሚፈልገው፤ ማን እንዳጠራለት አያስጨንቀውም። ሐኪም ግን ጥፋተኛ ይፈልጋል።

ሐኪሞቹ ወደ መንደሩ የተመለሱት ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ካናዳዊው ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ የተራራ ጅረቶችን ሲያጠኑ፣ በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በድንጋዮቹ ላይ ከተለጠፈው ጋር ሲወዳደር ኢምንት ሆኖ አገኙት። ወንዝ ተሻግሮ የሚያውቅ ሰው ያንን ድንጋይ በእግሩ ያውቀዋል። በ1978 ኮስተርተን ይህ መጣበቅ የባክቴሪያ ዋነኛ አኗኗር መሆኑን ለሰፊው አንባቢ ጻፈ፤ ባዮፊልም የሚለው ስምም እየዋለ እያደረ ጸና። በ1982 ደግሞ ከአንድ በሽተኛ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሽቦ ላይ ያው ዝልግልግ ተገኘ። የወንዙ ድንጋይ ሰው ደረት ውስጥ ገብቷል።

አንዲት ባክቴሪያ ገጽ ስታገኝ መጀመሪያ የምትነካው ለቀቅ አድርጋ ነው፤ አሁንም ልትሄድ ትችላለች። ከቆየች ትለጠፋለች፤ ትባዛለች፤ ከራሷም ሙጫ ታወጣለች። ሙጫው ስኳር ነክ ሰንሰለትና ፕሮቲን አለበት፤ የሞቱት ጎረቤቶች ዲኤንኤ ሳይቀር ማገር ሆኖ ይገባበታል። አብዛኛው ግን ውሃ ነው። በመሐሉ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይቀራል፤ ከላይ ያሉት አየር ሲያገኙ ከታች ያሉት ያጥራቸዋል፤ አንድ ዘር ሆነው ሳለ እንደየቦታቸው ኑሯቸው ይለያያል። ቁጥራቸው ሲበዛ ደግሞ ጠባያቸው ይለወጣል። ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በባሕር ውስጥ በሚያበራ ባክቴሪያ ነው፤ ጥቂት ሲሆን ጨለማ ነው፣ ሲበዛ በአንድነት ያበራል። እያንዳንዷ ጥቂት ጥቂት የምትረጨው ኬሚካል ሲጠራቀም መብዛታቸውን ያሳብቃል። ሳይንቲስቶቹ በ1994 የሰጡት ስም በአማርኛ ቢነገር ምልዓተ ጉባኤን መቁጠር ማለት ነው፤ ከስብሰባ አዳራሽ የተወሰደ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬን ልይዘው ይገባል። ጉባኤ፣ መንደር፣ ጎረቤት እያልኩ መጣሁ። ባክቴሪያ እድር የላትም፤ ለማንም አታዝንም። ሆኖም የመዋጮ ጣጣ አለባት። ሙጫ ማውጣት ወጪ ነው፤ ሙጫ የማያወጡ፣ በሌላው ሙጫ መኖር የሚሹም አሉ። በኮሌራ ባክቴሪያ ላይ በተደረገ ሙከራ ሙጫ አምራቾቹ በባዮፊልሙ ውስጥ ሌሎቹን እየገፉ ያሸንፋሉ። የዋጋው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ያው ሙጫ እነሱንም ስለሚይዛቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይከብዳቸዋል። ቤት የሠራ አገሩን መልቀቅ ያቅተዋል። ይህን ሳነብ ከተማ ገብቶ የከረመው ዘመዴ ሁሉ ታየኝ፤ እኔ ራሴም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ተረቱ ሁልጊዜ የሚነገረው ለድሩ ተደርቦ ነው። የአንበሳውን አቤቱታ የሰማ የለም። ጋሼ እግሩን ትራስ ላይ ጭኖ ሲቀመጥ አንበሳው እሱ ነው።

ብረቱ እግሩ በገባባት ሰዓት እሽቅድምድም ተጀምሮ ነበር። አንቶኒ ግሪስቲና የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1987 እንዳስረዳው፣ ሰውነት ውስጥ የገባን ባዕድ ነገር ገጽ ለመያዝ የሰውየው ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ የደረሰ ይሰፍራል። በጋሼ እግር የቀደሙት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ የዋጠው ክኒን ሁሉ የሊውዌንሆክ ኮምጣጤ ነበር፤ ከብረቱ ተላቀው የወጡትን ይገድላል፣ ቀዳዳዋ ትዘጋለች፣ መንደሩ ግን ይቀመጣል። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ለብቻው ሲንሳፈፍ ከሚገድለው መድኃኒት እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ ሊቋቋም ይችላል። ሙጫው አንዳንዱን መድኃኒት ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል። ከታች የሚኖሩት ደግሞ ምግብና አየር ስላጠራቸው ዝግ ብለው ነው የሚኖሩት፤ አብዛኛው አንቲባዮቲክ የሚገድለው ሥራ ላይ ያለውን፣ የሚያድገውንና የሚባዛውን ነው። የተኛውን ያልፈዋል። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ቢገር ገና በ1944፣ ፔኒሲሊን ተአምር በነበረበት ሰሞን፣ ከሚሊዮን አንድ ያህል ባክቴሪያ ሳይሞት እንደሚቀር አይቶ ነበር። የተረፉትን ወስዶ ዘራቸው። ልጆቻቸው እንደ ማንኛውም ባክቴሪያ በፔኒሲሊን አለቁ። ጠባያቸው በዘር የሚወረስ አልነበረም፤ እናቶቻቸው ያን ጊዜ ተኝተው ነበር፣ በቃ።

ወረቀቱም ያልዋሸው ለዚህ ነው። ላቦራቶሪው የጠየቀው በመግሉ ውስጥ የሚንሳፈፍ አለ ወይ ብሎ ነው፤ በመግሉ ውስጥ፣ ክኒን ለሚውጥ ሰው፣ ላይኖር ይችላል። በ2007 ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የወጣ ጥናት ይህን ነገር በቁጥር አሳየው። ከበሽተኞች የወጡ ሰው ሠራሽ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያዎችን ወስደው በፈሳሽ ውስጥ እያስቀመጡ ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ አንቀጠቀጧቸው፤ ከዚያ የረገፈውን ዘሩት። በዙሪያው ካለው ሥጋ ናሙና ሲወሰድ በበሽታው ከተያዙት ከ100 በ61ዱ ያህል ነበር ባክቴሪያ የሚበቅለው፤ ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩ ወደ 79 ወጣ። አንቲባዮቲክ በቅርቡ በወሰዱት ላይ ልዩነቱ የባሰ ነበር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ጀሪካኑ፣ ጠጠሩ፣ «ገና ነው» የሚለው ድምፅ።

የጋሼ አጥንት ገጥሞ ስለነበር ሐኪሙ ብረቱ ይውጣ አለ። ወጣ፤ አጥንቱ ዙሪያ ያለው የሞተ ሥጋም ተፋቀ፤ ቀዳዳዋ ተዘጋች። ለሁሉም እንዲህ ቀላል አይደለም። አዲስ ዳሌ የገባለት ሰው ዳሌው ቢወጣ በምን ይቆማል? ብዙ ጊዜ አሮጌው ወጥቶ፣ መድኃኒት የተቀላቀለበት ማቆያ ገብቶ፣ ሳምንታት ታልፎ፣ ሌላ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ነው አዲሱ የሚተካው። ሽንት የሚያሳልፈው ካቴተር ግን መላው ቀላል ነው፤ የማያስፈልግ ከሆነ ዛሬ ይውጣ። በየቀኑ በቆየ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ቸልተኝነትን ከመተው በስተቀር ምንም ወጪ የማያስወጣ ሕክምና ነውና ብዙም አይወራለትም።

ጋሼ ብረቱን ለምኖ ወሰደው። ከታጠበና ከተቀቀለ በኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቤት ገባ። እናቴ አውጥታ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችበት። ምንም አላለችም፤ መልሳ ጠቀለለችው።

የፋብሪካው ዓለም ይህን ጉዳይ ከሐኪም ቤት በፊት የተቀበለው ይመስለኛል፤ ገንዘብ ነዋ። በወተት ፋብሪካ ቧንቧ ውስጥ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ይሄዳል፣ ከዚያ አሲድ፤ ግን የኬሚካሉ ብርታት ብቻውን አይታመንም። ፈሳሹ በሰከንድ ከ1.5 ሜትር ባላነሰ ፍጥነት እንዲሮጥ ይደረጋል፤ የሚላጠው በጉልበት ነው። መሐንዲሶቹ በጣም የሚፈሩት ፈሳሽ የማይዞርበትን፣ መጨረሻው የተደፈነ ቅጥያ ቧንቧ ነው፤ የጀሪካኑ እጀታ እንደማለት። እንዲህ ያለ ጥግ የሚያሳድረው ነገር ወተት ከማበላሸት አልፎ ይገድላል። በ1976 በፊላደልፊያ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በማይታወቅ የሳንባ ምች ታመሙ፤ በጠቅላላው 34 ሰው ሞተ። አምጪው በወራት ፍለጋ ተገኘ፤ ሌጂኔላ ተባለ። ይህ ባክቴሪያ በቧንቧና በማቀዝቀዣ ማማ ዝልግልግ ውስጥ፣ እሱን ሊበላው በመጣ አሜባ ሆድ ሳይቀር፣ ተደላድሎ የሚኖር ነው። ወደ ሰው ሳንባ የሚገባው ውሃው በጉም መልክ ሲረጭ ነው። ክሎሪን ውሃውን ሊያጸዳው ይችላል፤ በልባሱ ጥልቀት፣ በአሜባ ሆድ ውስጥ ያለውን ለማግኘት ግን ሌላ ጉዞ አለበት።

የጠላ ጋን በግራዋ ይታሻል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ማሸቱ ይቀድማል፣ ጭሱ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ የእናቴ ነው። ይህን ስል የድሮ ሰው ባዮፊልምን ያውቅ ነበር ልል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጉራ አልወድም። አያውቅም ነበር። እጁ ግን አንድ ነገር ያውቃል፦ የሚጣበቅ ነገር ነገም ይጣበቃል። መድኃኒት ስንውጥ የምንመኘው የመጨረሻ ውጊያ ነው፤ ገድለን ዘግተን መሄድ። ስንፍቅ ግን ነገ እንደምንመለስ እናውቃለን። የመድኃኒት ፈልሳፊ ሐውልት ይሠራለታል። ጀሪካን ያጠበች ሴት ማታ ጀሪካኑ ተሞልቶ ሲመጣ ሥራዋ ጠፍቷል፤ ለታሪክ የሚቀር ምልክት የለውም። ባዮፊልምን ለማጥፋት አዳዲስ መንገዶች እየተሞከሩ ነው፦ የምልዓተ ጉባኤውን ቆጠራ ማወክ፣ ሙጫውን የሚፈታ ኢንዛይም፣ የሻርክን ቆዳ ቅርጽ ያስመሰለ ለመጣበቅ የማይመች ገጽ። ይሳካላቸው። እስካሁን ግን ጥርስን ከነቀዝ የሚጠብቀው አንቲባዮቲክ አይደለም። ብሩሽ ነው፣ የወይራ መፋቂያ ነው፤ ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋትም።

ደግሞም ሁሉን ልፋቅ ያለ ሰው አልቶናን ያጠፋል። ኮምጣጤን ራሱን የሚሠራው በወይን ላይ የሚንሳፈፍ የባክቴሪያ ቆዳ ነው፤ ፓስተር በ1860ዎቹ ያጠናው ነገር ነው። ሊውዌንሆክ በአንዱ ባዮፊልም ውጤት ሌላውን ሊገድል ይሞክር ነበር ማለት ነው፤ አላወቀም እንጂ።

ያ ሰው ጉዳዩን አልተወውም። በ1692 ከፊት ጥርሶቹ ፍቆ ሲያይ የለመዳቸውን ነፍሳት አጣቸው። ግራ ገባው። በኋላ ነገሩን ለጠዋት ቡናው ሰጠው፤ በጣም ትኩስ አድርጎ የመጠጣት ልማድ ይዞ ነበር (ቡናው የኛው አገር ዛፍ ዘር ነው፣ በየመን ዞሮ ይሂድ እንጂ)። ሙቀቱ የፊት ጥርሶቹን ነዋሪዎች ፈጅቷቸው ይሆናል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ቡናው እምብዛም ወደማይደርስበት፣ ወደ ኋላ መንጋጋዎቹ ሄደ፤ ከዚያ ፋቀና በአጉሊ መነጽሩ አየ። እዚያ ነበሩ፤ ከቁጥር በላይ።